ጋረደው የፈረደበት ዲስክ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ዲስክ የገዛ ሐበሻ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ጋረደው ዘንድ ጎራ ይል ነበር። የሎሪ ሾፌሩም፣ የሰሊጥ ነጋዴውም፣ ከባሱንዳ እርሻ የተመለሰው ወዛደርም ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና «አያ ጋረደው፣ እስቲ እያት» ይለዋል። ጋረደው ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ ያዘነብለዋል። ጀርባው ወይን ጠጅ ከመሰለ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ብርማ ከሆነ ገና ምንም አይልም። ከዚያ ማጫወቻው ውስጥ ይከተውና የሌሊት ትዕይንት ፈልጎ ያቆመዋል።

«በቀንማ ሁሉም ያምራል» ይላል። «ዲስክ የሚታወቀው በጨለማ ነው።»

ጨለማው አመድ መስሎ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከተሰባበረ «ቲጃሪ!» ይላል፤ ተራ ቅጂ ማለቱ ነው። ጥቁሩ ጥቁር ከሆነ፣ ከንፈርና ድምፅም ከተጋጠሙ «አስሊ» ይላል፤ ዋናው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ሱቅ ውስጥ ዲስክ የሚሸጡት ሱዳኖች እንኳ ከገዢ ጋር ሲጨቃጨቁ «ሂድና ጋረደውን ጠይቅ» እስከማለት ደርሰው ነበር።

ጋረደው የአርማጭሆ ሰው ነው። ገና ወጣት ሳለ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ድንበሩ እርሻ፣ ወደ ፋሽጋ ወርዶ በዚያው ቀረ። ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቆ ጉልበቱ ከተሰበረ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማጨድ ስላቃተው ገዳሪፍ ገባና ራዲዮ መጠገን ተማረ። ቆየት ብሎ ሱዳኖቹ ራኩባ የሚሉትን የሣር ዳስ ሠርቶ፣ ዙሪያውን በጆንያ ከልሎ፣ ቴሌቪዥንና ጀነሬተር አስገብቶ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። እርሻ ላይ ሳለ ስሙን የሚያውቅ አለቃ አልነበረውም፤ «አንተ ሐበሻ» ነበር የሚባለው። ስለዚህ «አያ ጋረደው ምን አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ከእህል በላይ ይወዳት ነበር።

ቪዲዮ ቤቱን ያቆመው ግን የእሱ ዓይን ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ብፅአት የተወለደችው እዚያው ሱዳን፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው፤ የተማረችውም በዐረብኛ ነው። የፈረንጅ ፊልሞቹ ከሥራቸው የዐረብኛ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ብፅአት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ማይክራፎኑን ይዛ፣ ጽሑፉን እያየች በአማርኛ ትናገራለች። ዳኛ ሲናገር ድምጿ ይወፍራል፤ ፈሪ ሲለምን ይሰልላል፤ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ ትንፋሽ ሳትወስድ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘላለች። ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የመጡት ወዛደሮች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል።

ጋረደው በዚህ ይኮራል። ይቀናልም። አንድ ጊዜ ባፈና የሚባል ቀልደኛ ወዛደር «እኔስ የምመጣው ለብፅአት ድምፅ ነው፤ ፊልሙማ ሰበብ ነው» ቢል፣ ጋረደው በመጣ ቁጥር ቦታ የለም እያለ ያንን መከር ሙሉ ከምሰሶው ኋላ ሲያስቀምጠው ከረመ። ባፈና ከሥዕሉ ግማሹን ብቻ እያየ ይስቅ ነበር።

ሐበሻው የሚሌኒየሙን በዓል ባከበረበት ዓመት፣ የሰሊጡ አጨዳ ሲያበቃ፣ ጋረደው ከገላባት ገበያ አንድ ፊልም ይዞ መጣ። በአንድ የፈረንጅ የወደብ ከተማ በእውነት ኖሮ ስለነበረ ሰው ነው። ሰውየው የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው፤ የባንክ ካዝና በጆሮው እያዳመጠ ይከፍታል፤ ሲታሰር ያመልጣል፤ ካመለጠ በኋላም የትም ቢሄድ ተመልሶ እናቱን ሳያይ አይቀርም። ብፅአት «ቁልፈኛው» የሚል ስም አወጣችለት። በእውነት የነበረ ሰው መሆኑን ስትነግራቸው ወዛደሮቹ ሌላውን ፊልም ሁሉ ተዉት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቁልፈኛው ካልታየ ሰው ያኮርፍ ጀመር።

ዲስኩ ግን መናኛ ነበር። ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ ከመጋረጃው ላይ የተቀዳ ነው፤ አልፎ አልፎ የሰው ጭንቅላት ከፊት ብቅ ይላል፤ ወደቡ ጉም ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ውኃ ውስጥ የወደቀ ወረቀት ይመስላል። ብፅአት ዓይኗን አጥብባ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ግማሹን አንብባ ግማሹን ገምታ ነበር የምትናገረው። ሲያልቅ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ቁልፈኛው ለመጨረሻ ጊዜ የእናቱን ደጅ ሲያንኳኳ ደግሞ ዲስኩ ቀጥ ይላል። ጋረደው ቢጠርገውም፣ ቢያሞቀውም ከዚያ አያልፍም። ገዳሪፍ ውስጥ የቁልፈኛውን መጨረሻ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም።

ቴዎ ከካርቱም የተመለሰው በዚህ መሐል ነው። ካምፕ ውስጥ ያደገ፣ ካርቱም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ተቀጥሮ የሠራ፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ ወጣት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ቪዲዮ ቤት ከፈተ፤ ማጫወቻው አዲስ፣ ቴሌቪዥኑ የጋረደውን ሁለት እጥፍ የሚሆን። ጋረደው መጀመሪያ ናቀው። «ቴሌቪዥን በስፋቱ አይደለም» አለ። ቴዎ ግን አልተፎካከረውም። በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጥቶ እጅ ነሣና፣

«ጋሼ ጋረደው፣ የቁልፈኛውን ዲቪዲ አስመጥቻለሁ። አንተ ሳታይልኝ ለሰው ላሳይ አልፈለግሁም። ብፅአትም ትምጣና ትሞክረው» አለው።

ሰው ሰምቷልና እምቢ ማለት አይቻልም። ባልና ሚስት ሄዱ። ባፈናና ጓደኞቹም ተከተሏቸው።

ቴዎ መጋረጃውን ዘግቶ አጫወተ። ጋረደው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አወቀ። ጉም መስሎት የኖረው ዝናብ ነበር፤ ጠብታው ከመርከቡ ገመድ ላይ ሲንጠለጠል ይታያል። ጥቁር ያለው የቁልፈኛው ሹራብ ጥቁር አረንጓዴ ኖሯል። ካዝናው በሚከፈትበት ክፍል ማዕዘን ላይ አንድ ዘበኛ ቁጭ ብሎ ተኝቷል፤ ያን ያህል ጊዜ ሲያዩት ይህን ዘበኛ ያየ አልነበረም። ጨለማው ጨለማ ነው። ድምፁም ከከንፈር ላይ ጠብ አይልም። ጋረደው በሕይወቱ እንዲህ ያለ አስሊ አላየም።

ቢሆንም ዓይኑ ከሥዕሉ ይልቅ ሚስቱ ላይ ነበር። ብፅአት በርጩማዋን ወደ ኋላ ስባ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ እንደ ልብ ታነብባለች። አንገቷ አልሰገገም። አንድ ቦታ ላይ ቁልፈኛው ለፖሊስ አዛዡ የመለሰውን መልስ አንብባ ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺን ቀልድ በግምት ነበር የምታልፋት። ቴዎም አብሯት ሳቀ። «ጽሑፉ ጠራ አይደል?» አላት። «ዋላሂ፣ በቢላ የተቆረጠ ነው የሚመስለው!» አለችው።

ጋረደው ከተጋቡ ጀምሮ እሱ ቤት በሥራ ላይ ሳለች እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

«ይብቃ፤ አቁመው» አለ፣ ፊልሙ ሳያልቅ።

ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ቴዎ እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ።

«ቲጃሪ ነው።»

በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«ቀለሙ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ዝናቡን አታዩትም? እውነተኛ ዝናብ እንዲህ ያበራል? ድምፁም ይዘገያል፤ ጆሮ ላለው ይዘገያል። ትንሽ ቆይቶ መቆራረጥ ይጀምራል።»

«ግን ጋሼ፣ ያመጣልኝ ሰው ከዱባይ ነው ብሎኝ . . .»

«ከዱባይ ቲጃሪ አይመጣም ያለህ ማነው?»

ባፈና ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቴዎ ዲስኩን አውጥቶ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው። ራሱ ያየውን ማመን አቅቶት የጋረደውን ዓይን ለመዋስ የሚሞክር ይመስል ነበር። ብፅአት ማይክራፎኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ባሏን አየችው።

መንገድ ላይ አልተነጋገሩም። ቤት ሲደርሱ ነው የጀመረችው።

«ዓይንህ ነው የታመመው ወይስ ልብህ?»

«ምን አልሽ?»

«ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ተቀምጬ አስሊና ቲጃሪ መለየት የማልችል መሰለህ?»

«አንቺ ደግሞ ምን ያሳስቅሽ ነበር?» አለ ጋረደው። «ከኔ ጋር ስትሠሪ ፊትሽ እንደ ለቅሶ ቤት ነው። እሱ ዘንድ ስትቀመጪ ጥርስሽ አልከደንም አለ።»



«ስለማየው ነው የሳቅሁት» አለች። «አንተ ቤት እኮ አላየውም። ጉም ነው የማነበው። ራሴን የማስረው ለጌጥ መሰለህ? ደግሞ ጋረደው፣ ቁልፈኛው እናቱ ቤት ሊገባ ነበር። ትንሽ ብትታገሥ መጨረሻውን አነበው ነበር።»

ጋረደው ሚስቱን ትቶ ጀነሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ሊያይ ወጣ። እንዳለው ያውቅ ነበር።

ለጥቂት ቀን ደስ አለው ማለት ይቻላል። ሰው ቴዎን አልፎ ወደሱ ራኩባ ይመጣል፤ «ያ ልጅ ተሸወደ» እያለ ያወራል። በሳምንቱ ግን ሙሐመድኑር የሚባለው የሎሪ ሾፌር ሻሂ እየጠጣ አንድ ወሬ አመጣ። ቴዎ የጋረደውን ፍርድ አምኗል። ቲጃሪ ቤቴ አላስቀምጥም ብሎ ዲስኩን ለሙሐመድኑር በሌላ ፊልም ለውጦለታል፤ ሙሐመድኑርም መተማ ላይ ማሚቱ ለምትባል ባለ ቪዲዮ ቤት ሸጦታል።

ብፅአት ይህን ስትሰማ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እጇን አድርቃ ማይክራፎኑን ከነገመዱ ጠቀለለችና ጋረደው ጭን ላይ አኖረችው።

«እንግዲህ አንተ ተናገርላቸው። እኔ ዓይኔን አሞኛል።»

ጋረደው ሞከረ። ዐረብኛ በአፉ ይሞክራል እንጂ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ከብፅአት አፍ የሰማውን እያስታወሰ ይናገር ገባ። ንግግሩ ከሥዕሉ አንዴ ቀደመ፣ አንዴ ዘገየ።

«አያ ጋረደው!» አለ ባፈና ከለመደው ምሰሶ ኋላ። «ይሄ ሰውዬ አፉን ሳይከፍት ነው እንዴ የሚናገረው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው እየሳሳ ሄደ። ጋረደውን ግን ከሰው መቅረት ይልቅ ሌላ ነገር ነበር የሚያቃጥለው። ብፅአት አትቆጣውም፤ አትጣላውም። ወጡን ትሠራለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ከጎረቤቷ ከእናኑ ጋር ትጫወታለች። ድምጿን ብቻ ከልክላዋለች። ሌላ ሰው እንዳይሰማት የሚሳሳላት ድምፅ ለእሱም ቀረበት። ቴዎን ይጠላው ነበር፤ አሁን ደግሞ ያላያትን ማሚቱን መጥላት ጀመረ። ያ ዲስክ እሷ ቤት ነውና።

በመጨረሻ «መለዋወጫ ልገዛ ነው» ብሎ ከሙሐመድኑር ሎሪ ላይ ማሽላ ጆንያ መሐል ተቀምጦ ወደ ገላባት ወረደ። ወሰኑን በእግሩ ተሻግሮ መተማ ሲገባ ፀሐይ ገና አልበረደችም። የማሚቱን ቤት ማግኘት አላስቸገረውም፤ በበሩ ላይ የቁልፈኛው ሥዕል ተለጥፏል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋረደው ከፍሎ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ፊልሙ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የሚናገርለት ሰው የለም፤ የፈረንጆቹ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ቁልፈኛው በዝናብ መጣ፤ የእናቱን ደጅ አንኳኳ። ጋረደው ቀጥ እስኪል ጠበቀ፤ የእሱ ዲስክ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። በሩ ተከፈተ። ዲስኩ አልቆመም። እናትየዋ ልጇን አቅፋ አስገባችው። ገበታ ቀርቧል። ቁልፈኛው ሲቀመጥ ከጓዳው መጋረጃ ሥር የወታደር ጫማ አየ፤ ሁለት ጥንድ። ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ እጁን ይዛ አንድ ነገር አለችው፤ አጭር ነገር። ቁልፈኛውም ማንኪያውን አንሥቶ መብላት ጀመረ። በልቶ ሲጨርስ ሁለት እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ።

ምን አለችው? ጽሑፉ ከሥር ጎልቶ፣ ጠርቶ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ተቀምጧል። ጋረደው እያንዳንዷን ነጥብ ያያል፤ አንዷንም አያነብም። አጠገቡ የቆመውን «ምን አለችው?» ቢለው «እኛ ምን እናውቃለን» አለው። ከዚያ የእውነተኛው ሰውዬ ፎቶ መጣ፤ ተራ ፊት፣ የደከመ ዓይን። ሰዉም እየተነሣ ወጣ። ያለቀሰ አልነበረም፣ የሳቀም አልነበረም።

ማሚቱ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ዲስኩን ልግዛሽ ሲላት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማን ልበል?»

«ጋረደው እባላለሁ። ከገዳሪፍ ነኝ።»

«ዲስክ የሚፈርደው ጋረደው? እግዜር ነው ያመጣህ!» አለች። «ሙሐመድኑር አስሊ ነው ብሎ ሸጠልኝ፤ በኋላ ግን ገዳሪፍ ላይ ቲጃሪ ተባለ የሚል ወሬ ሰማሁ። ሰው አይቶ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ጥፋቱ ከዲስኩ ይሆን እያልኩ ተጨንቄያለሁ። እንግዲህ አንተው ንገረኝ። ቲጃሪ ከሆነ እንካ ውሰደው፣ ዕቃ ያጣብብብኛል። አስሊ ከሆነ ግን አልሸጠውም።»

ዲስኩን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። ጋረደው ጠርዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅበት፤ ያቺን ቃል ደግሞ አንድ ጊዜ ብሏታል፤ መንገዷን ታውቃለች። ብትወጣ ዲስኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል፤ ብፅአት ትስቃለች፤ ቴዎ አያገኘውም። ይህን ሁሉ አሰበ። ከዚያ ብፅአት ቀና ብላ አንብባ ስትጨርስ «ከየት አመጣኸው?» ስትለው ታየው።

«አስሊ ነው፣ እትዬ ማሚቱ» አላት። «እንዲህ ያለ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቲጃሪ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በቅናት ነው።»

ማሚቱ ዲስኩን ከእጁ ቀማችው፤ ከልቧ ግን አልተቆጣችም። «ታዲያ ሰዉ ለምን ዝም ብሎ ይወጣል?»

ጋረደው መልሱን ያውቃል። መልሱን ለመናገር ግን ከቅድሙ የበለጠ ጭንቅ ያዘው።

«የሚያነብላቸው የለማ» አለ። «የምታነብ እኔ ቤት አለች።»

ገዳሪፍ ሲመለስ መጀመሪያ ቴዎ ዘንድ ነው የሄደው። ቴዎ ማጫወቻ ፈትቶ እየጠረገ ነበር። ጋረደው ቆሞ ነገሩን ነገረው። ቴዎ ቀና ሳይል መጥረጉን ቀጠለ።

«ዓይኔ አስሊ ነው እያለኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ በኋላ። «ዓይኔን ትቼ አንተን አመንኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ አላመጣልህም።»

«አታምጣ» አለ ጋረደው። ከዚያ በኋላ ቴዎ ሰላምታ አልነፈገውም፤ ዲስክ ግን አንድም ቀን አላሳየውም። ሌላውም ሰው ነገሩን ሲሰማ ሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ መጠየቁን ተወ፣ ገሚሱ ደግሞ «እሱ ከተናዘዘ ወዲህ ነው የሚታመነው» አለ።

ብፅአት ስትሰማ «መተማ መቼ ነው የምንሄደው?» ብቻ አለች።

በጥምቀት ማግስት ሄዱ። ማሚቱ «የገዳሪፏ አንባቢ» እያለች ገበያውን ሁሉ ስትቀሰቅስ ሰንብታለች፤ ቤቱ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ብፅአት በርጩማዋን ወደ ኋላ ስባ ማይክራፎኑን ያዘች። ጋረደው ከኋላ፣ ከሰው መሐል ተቀመጠ። ጎረምሶቹ «ወይ ድምፅ!» ሲሉ ሰማ፤ ጥርሱን ነከሰ። እንደ መነኩሲት በነጠላ የተከናነበች አንዲት ሴት ከመጀመሪያው ጀምራ የብፅአትን አፍ እንጂ ቴሌቪዥኑን አታይም ነበር፤ በእሷም ቀና።

ቁልፈኛው ገበታው ላይ ተቀመጠ፤ ጫማዎቹን አየ፤ ወደ እናቱ ዞረ። ብፅአት ወዲያው አልተናገረችም። ዋጥ አደረገችና፣

«‹ብላ፣ ልጄ› አለችው» አለች። «‹ሳይበላ አትውሰዱብኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ።›»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ወዛደሮቹ፣ እናቶቻቸውን ደጋ ትተው የወረዱት፣ ፊታቸውን በክንዳቸው እየሸፈኑ አለቀሱ። ጋረደውም አለቀሰ። ለቁልፈኛው ይሁን ለራሱ፣ ኋላም ቢጠየቅ አያውቀውም።

በማግስቱ በሎሪ ሲመለሱ መንገዱ አቧራ ነበር። ብፅአት ጭንቅላቷን በነጠላ አላሰረችም።

«ቴዎ ሌላ ዲስክ አስመጥቷል አሉ» አላት ጋረደው፣ መንገዱን እያየ።

«አዎ። ዓርብ ዓርብ እንዳነብለት እናኑን ልኮብኛል።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ሌላውን ቀን አንተ ዘንድ አነባለሁ፤ ደኅና ዲስክ ካመጣህ።»

ጋረደው ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ ወደሷ ዞረ።

«እኔስ? ዓርብ ዓርብ?»

«መምጣት ትችላለህ። በሩ ክፍት ነው።»

የመጀመሪያው ዓርብ አልሄደም፤ ራኩባው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከወፍጮው በኩል ነፋስ የሚያመጣውን ድምፅ ሲያዳምጥ ዋለ። ሁለተኛውም ዓርብ እንዲሁ። በሦስተኛው ልብሱን ለውጦ ሄደ። ቦታው ሁሉ ተይዞ ስለነበር፣ ባፈና ጠጋ ብሎ፣ እዚያም ከነበረው ምሰሶ ኋላ፣ አጠገቡ አስቀመጠው።